ከእርኩም ጋር የተቆራኘችው ጃርት

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በሰው ምርቃት ላይ በልታችሁ ጠጥታችሁ ስትጨፍሩ፣ ድግሱ በማን ዕዳ እንደተደገሰ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አትመልሱልኝ። ተቀመጡና ስሙ።

እንስሳት ገበያ ወጥተው በሚሸጡበት በሚለውጡበት፣ ገመድ ምክር በሚሰጥበት፣ ድንጋይም ምስክር በሚቆምበት ዘመን ደብሪቱ የምትባል አንዲት ጃርት ነበረች። ደብሪቱ ከቆላ ወጥታ፣ ወንዝ ተሻግራ፣ ገደሉ አናት ላይ ካለው የጉሬዛ ትምህርት ቤት ገባች። አራት ዓመት ተማረች። የሰባ ሰባት ሥራ ሥር ስም ለየች፤ የትኛው ቁርጠት እንደሚያሽር፣ የትኛው እንደሚገድል አወቀች። ለቀለቧ ከአበዳሪው ከእርኩም ሃያ ቁና ማሽላ ወስዳ ነበር። እርኩምም ስትጨርሺ ትከፍያለሽ፣ ወለድ የለውም ብሏት ነበር።

ጨርሳ ስትመለስ ዘመድ ሁሉ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ጠበቃት። አጎቷ ሽበሺ ደግሶላታል። ጠላው ተጠምቋል፣ ንፍሮው ተከምሯል፣ ከበሮው ይመታል። ይህ ሁሉ ከየት መጣ ብላ በጆሮው ጠየቀችው። ከእርኩም ነው፣ አርባ ቁና ነው፣ ወለዱም በየክረምቱ አሥር ቁና ነው፣ አንቺ የተማርሽው የእግርሽን አሻራ ብቻ አሳርፊበት አላት። ደብሪቱ አንድ እግሯን አንስታ ቆመች። አራት ዓመት ብቻዋን ኖራ ስሟ ሲዘፈን የሰማችው በዚያ ቀን ብቻ ነበር። ከበሮውን ማስቆም አፈረች። እግሯን ጭቃው ላይ አሳረፈች።

ሦስት ቀን ተበላ። በአራተኛው ቀን ማንም አልነበረም።

ሥራ ፈለገች። ከዝሆን ደጅ ሄደች፣ ከአጋዘን ደጅ ሄደች፣ ከከርከሮ ደጅ ሄደች። ዝሆን ቦታው ሞልቷል አላት። አጋዘን ነገ ነይ ብሎ ረሳት። ከርከሮ ግን አስቀምጦ ጠየቃት።

«መቆፈር ትችያለሽ?»

«ጃርት ነኝ እኮ፣ ጌታዬ።»

«እሱንማ አያለሁ። የሦስት ዓመት የመቆፈር ልምድ እንዳለሽ ማስረጃ ይዘሻል ወይ?»

አልያዘችም።

ክረምቱ ወጣ፣ እርኩምም ገመዱን ይዞ መጣ። በዚያ አገር ሕግ መክፈል ያቃተው ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር ይቆራኝ ነበር፤ አንዱ ጫፍ ከእሱ እግር፣ ሌላው ጫፍ ከአበዳሪው እግር ይታሰራል፣ ዕዳው ሳያልቅ አይፈታም። እርኩም መላጣውን እያከከ በአንቺ የተነሳ መብረር ቀረብኝ አላት። ከዚያ መሄድ ጀመረ። ሲሄድ ትሄዳለች። ረግረግ ውስጥ በአንድ እግሩ ግማሽ ቀን ሲቆም እሷም እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ትቆማለች። እሾኋ እንዳይወጋው ገመዱን ስምንት ክንድ አድርጎታል፤ ስለዚህ ጎን ለጎን ሄደው እንኳ አያውቁም።

መንገዳቸው ሦስት ጊዜ በዘመዶቿ ደጅ አለፈ። በመጀመሪያው አጎቷ ዘንድሮ ዝናቡ አልሆነልንም አላት። በሁለተኛው አክስቷ የዝናሽ ብቅ ብላ አንቺ ተምረሽ የለም እንዴ፣ እኛ መሃይሞቹ ምን እናውቃለን አለች። በሦስተኛው የገመዱን መጎተት ከሩቅ ሰምተው ኖሮ ጉድጓዱን ከውስጥ በአፈር ደፍነው ጠበቋት። ደብሪቱ ጆሮዋን እርጥቡ አፈር ላይ ለጠፈች። ትንፋሻቸው ይሰማል። አንድ ሕፃን ማን ነው ብሎ ጠየቀ፤ አንዱ አፉን ያዘው።

ያን ቀን ገመዱ አናገራት።

«ስንት ነው ያለብሽ?»

«ብዙ ነው።»

«ብዙ ቁጥር አይደለም። ቁጠሪው።»

እስከዚያ ቀን ፈርታ ቆጥራው አታውቅም ነበር። ቆጠረች። ሃያ የትምህርቱ፣ አርባ የድግሱ፣ አሥር የተወለደው፤ ሰባ ቁና። ገመዱም ብዙ እግር አስሬ አይቻለሁ ብሎ መከራት። የትምህርቱ አይወልድም፣ የድግሱ ይወልዳል፤ የሚወልደውን አስቀድሚ። ይህን ለመክፈል ከሌላ አትበደሪ። የማትችዪውን ቃል አትግቢ፤ የምትችዪውን ተናገሪና በቀኑ አድርሺ።

ደብሪቱ እርኩምን እርስዎ ማሽላዎን ይፈልጋሉ፣ እኔ እግሬን እፈልጋለሁ፣ ሥራ ሥር በበቀለበት መንገድ ይሂዱልኝ አለችው። እርኩም አሰበና እሺ አለ። እሱ እየሄደ እሷ ቆፈረች። ገበያ ላይ የቁርጠቱን መድኃኒት በማሽላ ለወጠች። ከሦስት ሥር ሁለቱ ለዕዳው፣ አንዱ ለሆዷ። በመጀመሪያው ዓመት ወለዱንና የድግሱን እኩሌታ ከፈለች። በሁለተኛው ዓመት አዲሱን ወለድና የቀረውን ድግስ ከፈለች። በሦስተኛው ዓመት የትምህርቷን ሃያ ቁና ከፈለች።

እርኩም የመጨረሻውን ቁና ሰፍሮ ፈታት። ገመዱን በአፉ ነክሶ በረረ፤ ገመዱ ደህና ሁኚ ለማለት ጊዜ አላገኘም። ደብሪቱ ስምንት ክንድ ሄዳ ቆመች። እስክትጎተት ጠበቀች። ማንም አልጎተታትም።

ከዚያ ከመንደር የራቀ ሸንተረር ላይ ጉድጓድ ቆፍራ ተቀመጠች። ዓመታት አለፉ። መድኃኒት ገዢ ይመጣል፣ ገዝቶ ይሄዳል። ሌላ የሚያናግራት የለም።

አንድ ቀን ዘመዶቿ ተሰልፈው መጡ። አጎቷ ከፊት ነው፤ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ፣ ተበዳይ አውርድ ካለ ይቅር ብሏል ማለት ነው።

አጎቷ በመካከላችን ለተፈጠረው አለመግባባት ይቅር በይን አለ። ምን አለመግባባት ብላ ጠየቀችው። ያለፈው አልፏል አለ። ከዚያ ትንሿ ልጄ ልክነሽ ከጉሬዛ ትምህርት ቤት ልትመረቅ ነው አለ። ለድግሱ ዋስ ያስፈልጋል፤ እርኩምም ከደብሪቱ አሻራ በቀር አላምንም ብሏል።

ድንጋዩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ልመስክር። ያነሱኝ አሁን ነው፣ ከዚያች ዋንዛ ሥር። የተሸከሙኝ ሃያ እርምጃ ነው።»

«አንተን ማን ጠየቀህ፣ ጠማማ» አለችው አክስቷ።

እናንተ የምትሰሙኝ፣ ዕዳ ያለባችሁ ቁጠሩትና ክፈሉት፤ ተከፍሎ ያልቃል። የማያልቀው ሲከፈል አጠገባችሁ ያልነበሩት ዘመዶች ነገር ነው።

«እንቢ ካልሽ ብቻሽን ትሞቻለሽ» አለ አጎቷ። «ማን ይቀብርሻል?»

«ጉድጓድ መቆፈር አውቃለሁ፣ አጎቴ።»

«ኧረ ልጄ፣ አንገቴ ተቆረጠ። አውርድ በይኝ።»

ደብሪቱ ቆማ አየችው።

«አልልም» አለች። «እርስዎንም ይቅር አልልም። አክስቴንም አልልም። እርኩምንም አልልም። ራሴንም አልልም። ማንንም ይቅር አልልም።»