የኋላው በር ዘበኛ

አንድ ጊዜ፣ ጅብ ባለሕንፃ በሆነበት ዘመን፣ አህያ የዚያ ሕንፃ የኋላ በር ዘበኛ ነበር። ጅብ አህያን ሳይበላ መቅጠሩ ይገርማል፤ ግን አንበሳ «የአደጋ ጊዜ መውጫ ያለ ጠባቂ አይሆንም» ብሎ አዝዞት ነው።

ሕንፃው ሱቅ በሱቅ ነበር። ገበያተኛው ሁሉ በፊት ለፊቱ በር ይገባል፣ በዚያው ይወጣል። አህያ ዘንድ ድርሽ የሚል የለም። ቀትር ላይ ብቸኝነቱ ሲጠናበት ያናፋል። ነጋዴዎቹም «አህያው አናፋ፤ ምሳ ደረሰ» እየተባባሉ ይነሣሉ። ና አብረን እንብላ ያለው ግን አንድም አልነበረም።

አንድ ቀን ጨርቅ ነጋዴዋ ቀበሮ ጆንያ ተሸክማ መጣች።

«እንደምን ዋልክ አያ አህያ? ብቻህን አይሰለችህም?»

ይህን የጠየቀው ኖሮ አያውቅም። አህያ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ይቺን ጆንያ ለጊዜው በሩ ሥር ላስቀምጣት።»

«በሩ ይዘጋል እኮ፣ እመት ቀበሮ!»

«ለጊዜው ነው አልኩህ! ነገ መጥቼ አነሣታለሁ፤ በዚያውም እንጫወታለን።»

በማግሥቱ መጣች፤ ሌላ ጆንያ ይዛ። አህያ ጥፋት መሆኑን ያውቃል፤ ከከለከላት ግን እንደማትመጣም ያውቃል። ጆንያውን ተቀበላት፣ ምስኪን። በሩ በጆንያ ተሸፍኖ ቦታ ሲያልቅ ቀበሮም ቀረች። ጅብ አንድ ቀን ብቅ ብሎ ጆንያዎቹን አሸተተና «ሥጋ አይደለም» ብሎ ተመለሰ።

አንድ ረፋድ ላይ ከፊት ለፊቱ በር አጠገብ ያረጀ የመብራት ገመድ ተቀጣጠለ። አህያ ጭሱ ሲሸተው ባለ በሌለ ኃይሉ አናፋ።

«ዛሬስ ምሳ ቶሎ ደረሰ!» አለ ጅብ፤ ሁሉም ሳቁ።

ሳቁ ሳያልቅ እሳቱ የፊት ለፊቱን በር ያዘ። ሁሉም እየጮኹ ወደ ኋላ ሮጡ። አህያ ጆንያዎቹን በጥርሱ እየጎተተ በሩን ከፈተው፤ የብረቱ መዝጊያ ተመልሶ እንዳይገጥምም በትከሻው ደግፎ ቆመ።

ቀበሮ ስትደርስ «አያ አህያ፣ ና እንውጣ!» አለችው።

«እለፊ፤ ከኋላሽ ገና የሚመጡ አሉ።»

የመጨረሻው ገበያተኛ እንደወጣ ጣሪያው ወደቀ። አህያ አልወጣም።

ጅብ ሌላ ሕንፃ ሠራ። በተከፈተበት ቀን ቀትር አለፈ፤ ከሱቁ የተነሣ ነጋዴ የለም።

«ምነው፣ ዛሬ ምሳ አልደረሰም እንዴ?» አለ ጅብ።

ቀበሮ ብቻ ወደ ኋላው በር ሄዳ፣ ባዶው የዘበኛ ወንበር አጠገብ ቆማ አለቀሰች።

ከዚህ የምንማረው፣ የመውጫ በርን ለጊዜው እንኳ መዝጋት እንደማይገባ፣ በሩን የሚጠብቀውንም በሕይወት ሳለ ጎራ ብሎ ሰላም ማለት እንደሚገባ ነው።