በጋቢ ሥር የተሸሸገ ዋጋ

ቀኛዝማች ጓንጉል በሰንጋ ንግድ ሊከብሩ ተነሡ፤ ነገር ግን ገበያ በወጡ ቁጥር ከስረው ይመለሳሉ።

በዚያ አገር ወግ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ነጋዴው ከደላላው ጋር በጋቢ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዞ በጣት ይነጋገራል፤ ሌላ ሰው አያይም፣ አይሰማም። ቀኛዝማች ግን የወደዱት ሰንጋ ፊት ሲቆሙ ጥርሳቸው አይከደንም፤ ሻጩም ዋጋውን ይቆልላል። ሊሸጡ ቆመው ገዢ ጀርባውን የሰጣቸው እንደሆነ ደግሞ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ገዢውም ተመልሶ በርካሽ ይነዳዋል።

አንድ ቀን ያሏቸውን ሰንጎች ሁሉ በኪሳራ ሸጠው ሲያበቁ፣ በምላሱ የታወቀውን ደላላቸውን አስይዘው አስቀረቡት።

«አንተ! ዋጋዬን የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነን። እጃችን በጋቢ ተሸፍኖ ሳለ ገበያው ሁሉ የልቤን በምን አወቀ? ‹ነገርኩ› ብትል ስለ ክህደትህ፣ ‹አልነገርኩም› ብትል ስለ ውሸትህ ትገረፋታለህ!»

ደላላው እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ጥፋቱስ የእኔ ነው፤ ጋቢውን ያለቦታው አለበስኩት። ለሚመጣው ገበያ እጃችንን ገልጠን እንያያዝና፣ ጋቢውን እርስዎ ፊትዎ ላይ ጣል ያድርጉት» አለ።