የማይሞላ ቦታ

አቶ መንበሩ የሚባሉ የከተማ ሹም መሠረት ድንጋይ ማስቀመጥ ይወዱ ነበር። አንድ ድንጋይ ባስቀመጡ ቁጥር አካፋ ይዘው ሁለት ሺህ ፎቶ ይነሳሉ፤ ፎቶውም ሁሉ ቤታቸው ባለው ኮምፒውተር ይከማቻል። አምስት መቶ ጊጋ ሃርድ ዲስክ ገዙ፤ ሞላ። አራት ቴራ ገዙ፤ እሱም ሞላ። የልጃቸውን የሰርግ ፎቶ አጥፍተው ትንሽ ቦታ ቢያገኙ፣ የአንድ ሆስፒታል መሠረት ድንጋይ ፎቶ ብቻውን ጨረሰው። በመጨረሻ ሃርድ ዲስኮቹ ብርጭቆውን ከብፌ አስወጥተው ተደረደሩ፤ እንግዳም ውኃ በጆግ መጠጣት ጀመረ።

አንድ ቀን ሹሙ አንዲት ምላሰኛ ኮምፒውተር ጠጋኝ አስጠሩ።

«ስሚ» አሏት። «አንድም ፎቶ ሳታጠፊ፣ አዲስ ዲስክም ሳታስገዢኝ፣ ይህን ሁሉ የሚይዝና መቼም የማይሞላ ቦታ ፈልጊልኝ። አለዚያ ሱቅሽ ዛሬውኑ ይታሸጋል!»

ሴትዮዋ ፎቶዎቹን ትንሽ አየት አየት አደረገችና ኮምፒውተሩን ዘጋችው።

«ለዚህ ነው እንዴ የተቆጡት፣ ክቡርነትዎ? ዲስኮቹን ያስጭኑና ሆስፒታሉ ውስጥ ያስቀምጧቸው።»

«የቱ ሆስፒታል?» ብለው ጮኹ ሹሙ።

«መሠረት ድንጋይ ያስቀመጡለት ነዋ! ይኸው ዘጠኝ ዓመቱ፤ ከእርስዎ ድንጋይ በቀር ምንም አልገባበትም።»