የእመት ቆቅ ሐራጅና ፊቱ ያልታየ ገዢ

እናንተ ልጆች፥ ቀና ብላችሁ ተቀመጡ። ተረት ተጎንብሶ አይሰማም።

የጎረቤታችን ልጅ ውድነሽ በእጅ ስልኳ ሐራጅ አውጥታ የሸጠችውን የጥልፍ መጋረጃ ታቅፋ፥ «አሸንፌአለሁ» ብሎ የጠፋውን ገዢ ስትጠብቅ አየኋትና ደነገጥሁ። የደነገጥሁት ነገሩ አዲስ ሆኖብኝ አይደለም፤ አሮጌ መሆኑን ስለማውቅ ነው። ስለዚህ ተረት ላወርድላችሁ ነው። እናንተም «ያውርዱልን» በሉኝ።

«ያውርዱልን!»

እንግዲያው ስሙ።

ድንጋይ በሚመሰክርበት፥ ዛፍ በሚመክርበት፥ አራዊትም በአደባባይ ቆመው በሚሟገቱበት በዚያ በጥንት ዘመን፥ በአንድ ሸለቆ ውስጥ አንዲት ቆቅ ትኖር ነበር። እመት ቆቅ ይሏታል። ቅጠል ሲወድቅ ትሰማለች፤ ጥላ ሲያልፍ ታያለች። ዳሩ ግን በዚያ ዓመት እንቁላሎቿን የጣለችው በገላጣ ሜዳ፥ በሣር ውስጥ ነበር። ጎጆዋ አጥር አልነበረውም። እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ተቃርበዋል፤ በሸለቆውም እንቁላል አዳኙ ጥርኝ ይዞራል። አጥር ካላገኘች ጫጩት አታይም።

እመት ቆቅ እሾህ የምትቆርጥበት ጥርስ አልነበራትም። የነበራት አንድ ዱባ ነው። ከጎጆዋ አጠገብ በቅሎ፥ ፀሐይ ጠግቦ፥ ሆዱን ነፍቶ የተቀመጠ ዱባ።

«አንተን ሸጬ አጥር እገዛለሁ» አለችው።

«ሽጪኝ» አለ ዱባ። «ነገር ግን በክብር ሽጪኝ። እኔ ተራ ቅል አይደለሁም።»

ይህን የሰማ ጎረቤቷ ጃርት ቀስ እያለ መጣ።

«እመት ቆቅ፥ እንደምን ዋልሽ። ዱባውን ለእኔ ስጪኝ። እኔም ከጀርባዬ በረገፈው እሾህ አንድ ዙር አጥር እተክልልሻለሁ።»

«አንድ ዙር!» ብሎ ጮኸ ዱባ። «ይህን ሆድ በዓይኑ አይቶ አንድ ዙር! እመት ቆቅ፥ አዋረደኝ እኮ!»

እመት ቆቅ መልስ ሳትሰጥ ነፋስ ሣሩን እያስተኛ ደረሰ።

«ለአንድ ጎረቤት መሸጥ ገበያ ይባላል እንዴ?» አላት። «ሐራጅ አውጪ! ድምፅሽን ሰባት ሸለቆ አሻግሬ አሰማልሻለሁ። የገዢውንም ድምፅ ወዲህ አመጣልሻለሁ። ለድካሜ አንዲት ላባ ትበቃኛለች።»

«አያ ነፋስ፥ ገዢውን ሳላየው?»

«ማየቱ ምን ይረባሻል? የሚገዛው በፊቱ ነው ወይስ በዋጋው?»

ነገሩ እውነት መሰላት። ከደረቷ አንዲት ላባ ነቅላ ሰጠችው። ከጉብታ ላይም ወጥታ ተጣራች።

«ሐራጅ! ሐራጅ! ሆዱ የሞላ ዱባ! ዋጋው አጥር ነው! አያ ጃርት አንድ ዙር ብሏል። ማን ይጨምራል?»

ከማዶ፥ ከገደሉ ባሻገር፥ እንደ ባላባት የጎረነነ ድምፅ መጣ።

«ሁለት ዙር! ያውም የግራር እሾህ!»

እመት ቆቅ ወደ ጃርት ዞረች። «አያ ጃርት፥ ትጨምራለህ?»

«እኔ ከአንድ ዙር በላይ እሾህ የለኝም» አለ ጃርት። «የሌለኝን አልጠራም።»

«ሦስት ዙር!» አለ ያው የማዶ ድምፅ፥ ማንም ሳይጨምርበት በገዛ ዋጋው ላይ ጨምሮ።

«ጌታ ማለት ይህ ነው!» አለ ዱባ።

«አንዴ! ሁለቴ! ሦስቴ! ተሸጠ!» አለች እመት ቆቅ። ጃርትም ራሱን ነቅንቆ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ።

ጠበቀች። ፀሐይ ወጣች፤ ገዢ አልመጣም። ፀሐይ ገባች፤ ገዢ አልመጣም። ነፋስን ይዛ ጠየቀችው።

«አያ ነፋስ፥ ገዢዬ የት አለ?»

«እኔ ምኑን አውቄ! ድምፅ አድርስ አልሽኝ፥ አደረስሁ።»

እመት ቆቅ በድንጋጤ ክንፏን አንጠለጠለች። «በአደባባይ ጠርቶ፥ ሰው ሁሉ እየሰማ ዋጋ ቆርጦ፥ ቀረ? እንዲህ ያለ ነገር ይደረጋል?»

ጃርት ከጉድጓዱ አፍንጫውን ብቅ አድርጎ፥ «አፍ ዳገት አይፈራም፥ እመት ቆቅ። የእኔ አንድ ዙር አሁንም አለ» አላት።

«ሦስት ዙር የተጠራሁትን በአንድ ዙር?» አለ ዱባ። «ከዚያስ እዚሁ ልበስብስ!»

እመት ቆቅም፥ «አንዱ ቢዋሽ ሁሉ አይዋሽም» ብላ ሁለተኛ ላባ ነቀለች፤ ሁለተኛ ሐራጅ አወጣች። በዚህ ጊዜ የመጣው ድምፅ ቀጭን ነው፤ እንደ ነጋዴ ይቅለሰለሳል።

«እመት ቆቅ፥ እኅቴ፥ የፊተኛው ገዢ እንዳዋረደሽ ሰምቼ አዘንሁ። እኔ አራት ዙር እሰጣለሁ፤ በር ያለው! ብቻ ሸክሙ ከባድ ነውና ከወንዙ መሻገሪያ ላይ እንገናኝ። አንቺ ዱባውን አምጪ፥ እኔ አጥሩን ይዤ እጠብቅሻለሁ።»

«ብትቀርስ?»

«እኔ? ቃሌ ከሚቀር ጅራቴ ይቅር!»

እመት ቆቅ እንቁላሎቿን በሣር ሸፈነች። ዱባውን በደረቷ እየገፋች ቁልቁለቱን ወረደች። ዱባው በየድንጋዩ እየተላተመ፥ «ኧረ ጎኔን! ቀስ በይ! አራት ዙር የተጠራሁ ነኝ!» ይላል። ከመሻገሪያው ሲደርሱ ወንዙ ብቻ ይፈስሳል።

«አያ ወንዝ፥ አጥር ተሸክሞ የመጣ አላየህም?»

«አጥር?» አለ ወንዝ። «እዚህ ከእኔ በቀር የመጣም የሄደም የለም። እኔም ብሆን መሄዴ ነው።»

ዳገቱን ዱባ እየገፋች ተመለሰች። ጎጆዋ ስትደርስ ሣሩ ተገልጧል። ከእንቁላሎቿ አንዱ የለም። በቦታው እርጥብ ስባሪ ቅርፊት ብቻ ቀርቷል።

ቆማ ቅርፊቱን አየች። ሸለቆውንም የሚሰነጥቅ ጩኸት ጮኸች።

«ዋይ ልጄን! ከጎጆዬ መራቄን ማን ነገረው? እኔና ገዢዬ ብቻ የምናውቀውን ቀጠሮ ማን ነገረው?»

ይህን ጥያቄ ከአፏ ካወጣች በኋላ ግን አልጣለችውም። ሌላ ቢሆን በለቅሶ ይጥለው ነበር፤ እርሷ ግን ቆቅ ናት። ሦስተኛ ላባዋን ነቀለች። ከደረቷ ላይ ቆዳዋ ታየ።

«ሐራጅ!» አለች። «ማን ይጨምራል?»

ከማዶ የመጣው ድምፅ በዚህ ጊዜ የእናት ድምፅ ነው። ሳግ ይተናነቀዋል።

«እመት ቆቅ፥ የእኔ እናት፥ ልጅሽ መጥፋቱን ሰማሁ። እኔም እንዳንቺ ወላድ ነኝ፤ ልጆቼ ርቧቸዋል። ዱባውን ለእኔ ሽጪልኝ። አምስት ዙር እሰጥሻለሁ።»

«አሳዘነችኝ» አለ ዱባ በቀስታ።

እመት ቆቅ ግን፥ «እሺ፥ እናቴ። አምስት ዙርሽን ተቀብያለሁ። ነገር ግን አስቀድመሽ አንዲት እሾህ ቀብድ ላኪልኝ። አንዲት ብቻ። ነፋስ ይዟት ይምጣ» አለች።

ያ ድምፅ ተቆጣ።

«እናት ከእናት ቀብድ ትጠይቃለች? አታፍሪም? እንባዬ አይበቃሽም?»

«እንባሽ አጥር አይሆነኝም።»

«አምስት ዙር የምሰጥ እኔ፥ በአንዲት እሾህ ልታማ?»

«አምስት ዙር ያላት አንዲት አታጣም» አለች እመት ቆቅ። ወደ ነፋስም ዞረች። «አያ ነፋስ፥ ድምፁን አምጥተሃል። አሁን ደግሞ ሽታውን አምጣልኝ።»

ነፋስ ተገረመ። «ሽታውን? እስከ ዛሬ ማን ጠይቆኝ!» ብሎ ማዶ ደርሶ ተመለሰ። ያመጣውንም ከአፍንጫዋ ሥር አፈሰሰው።

ዝባድ ነው! ዝባድ ከማን እንደሚወጣ የማያውቅ በዚያ ሸለቆ አልነበረም።

«ጥርኝ!» አለች እመት ቆቅ። «አያ ነፋስ፥ የሁለተኛው ገዢ ሽታስ?»

«ይኸው ነው።»

«የመጀመሪያውስ? የባላባቱ?»

«ይኸው ነው።»

«ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር?»

«አዎን።»

«ልጄን ሲበላብኝም ታውቅ ነበር?»

«እመት ቆቅ፥ አትቆጪኝ» አለ ነፋስ ያለ እፍረት። «እኔ ድምፅ አመላላሽ ነኝ እንጂ ዋስ አይደለሁም። ሐራጁ በተደገመ ቁጥር ላባ አገኛለሁ። ታዲያ ምን ከፍቶኝ ልናገር?»

እስቲ ይህን ስሙ! እኔ በዚህ ዕድሜዬ ይህን መልስ በተናገርሁ ቁጥር ጠጕሬ ይቆማል።

እመት ቆቅ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት። ጥርኝ የፈለገው ዱባውን አልነበረም፤ ዱባው እንዳይሸጥ ነበር የፈለገው። ዱባው ካልተሸጠ አጥር አይተከልም። አጥር ካልተተከለ ጎጆው ክፍት ነው። ዋጋ እየጨመረ እውነተኛውን ገዢ አባረረ፤ እንቁላሎቹም እስኪበስሉለት እርሷን በተስፋ አሰራት።

ወደ ጃርት ጉድጓድ ሮጠች።

«አያ ጃርት! አያ ጃርት! አንድ ዙርህን አምጣልኝ!»

ጃርት ሳይቸኩል ወጣ። ዱባውንም ዞሮ ዞሮ አየው። «ጎኑ ተላልጧል። በግራው በኩል ለስልሷል።»

«የተላላጥሁት በጕዞ ነው፥ ጌታዬ» አለ ዱባ በትሕትና። «ግማሼ ደኅና ነው።»

«ጌታዬ አልኸኝ? በቀደም አዋረደኝ ስትል አልነበረም እንዴ?» አለ ጃርት። «እንግዲህ ለግማሽ ዱባ የምሰጠው ግማሽ አጥር ነው። በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ዱባ ነበራችሁ፤ ሙሉ አጥርም ነበረኝ።»

እመት ቆቅ ደነገጠች፤ አልተሟገተችም ግን። ፍርዱ ትክክል ነው። እንቁላሎቿን አንድ በአንድ በመንቁሯ እየገፋች ወደ ትልቁ ዓለት ሥር አዛወረች። ከኋላዋ ዓለቱ ግድግዳ ሆነላት፤ ከፊቷ የጃርት ግማሽ አጥር ቆመላት። ጃርትም አስቀድሞ አጥሩን ተከለ፤ ዱባውን የበላው ከዚያ በኋላ ነው። ለዱባው የተላላጠው ጎኑ ብቻ ተረፈለት።

አጥሩ እንደ ተተከለ ጥርኝ በጠራራ ፀሐይ፥ ደረቱን ነፍቶ መጣ። ልጆች፥ ይደበቃል፥ ያፍራል ብላችሁ እንዳትጠብቁ።

«እመት ቆቅ! ሐራጁን ሦስት ጊዜ ያሸነፍሁት እኔ ነኝ። ዱባዬን አምጪ!»

«ዱባህ ተበልቷል» አለች ከአጥሩ ውስጥ።

«ተበላ? የእኔን ገንዘብ ለሌላ ሸጥሽብኝ? ይህ ውንብድና ነው! በአደባባይ እከስሻለሁ! ገበያ የማታውቂ ባለጌ!»

የዱባው ትራፊ ከመሬት ሆኖ፥ «አንተ! ሦስት ጊዜ ጠራኸኝ፤ አንዲት እሾህ አወጣህብኝን?» አለው።

ጃርትም አፉን እየጠረገ፥ «አያ ጥርኝ፥ ሦስት ዙር፥ አራት ዙር፥ አምስት ዙር ብለሃል። ይህ አሥራ ሁለት ዙር ነው። አምጣና በዚሁ አጥር ላይ ደርበው፤ ያን ጊዜ እንሟገታለን» አለው።

ጥርኝም እጁን በአጥሩ መካከል ወደ እንቁላሎቹ ሰደደ። የጃርት እሾህ መዳፉን በስቶ በማዶ ወጣ። ጮኸ! በራሱ ድምፅ ጮኸ፤ በባላባት አይደለም፥ በነጋዴ አይደለም፥ በእናት አይደለም። እያነከሰም ወደ ገደሉ ተመለሰ። በዚያ ሐራጅ አሥራ ሁለት ዙር እሾህ አመጣለሁ ያለው ጥርኝ፥ አንዲት እሾህ ይዞ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ በዚያ ሸለቆ ሐራጅ ሲወጣ ሕጉ እንዲህ ሆነ፦ ቀብዱን ያላስቀመጠ አይጠራም፤ አንድ ጊዜ ጠርቶ የቀረ ሁለተኛ አይሰማም፤ አንደኛው ከቀረ ሻጭ ወደ ሁለተኛው በዚያው ቀን ይሄዳል።

እንቁላሎቹ ተፈለፈሉ። እመት ቆቅ ጫጩቶቿን ላባው በሳሳው ደረቷ ሥር ሰበሰበቻቸው። ሁሉም ከገቡ በኋላ አንድ ባዶ ቦታ ተረፈ፤ በእርሱም በኩል ብርድ ይገባ ነበር። ጥርኝ ያልከፈለውን ዋጋ የከፈለችው እርሷ ናት።

በማይታይ አፍ ከሚጠራ አምስት፥ በሚታይ እጅ የሚቀመጥ አንድ ይበልጣል።

እኔ ተረቴን አወረድሁ፤ እናንተ ተሸክማችሁ ሂዱ።