አረንጓዴው ሻሽ

በአንድ ወቅት፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ አንድ የሚኒባስ ሹፌር መልእክት ሊያነብ አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ዘሀራ የምትባል ተማሪ አስፋልቱ ላይ ወድቃለች። ነፍሷ ተረፈች፤ ግን ያለ ምርኩዝ መራመድ አልቻለችም። ከዚያ ወዲያ መኪና ላይ መውጣትም ፈራች። ትምህርት ቤቷ ኮምቦልቻ ስለሆነ ትምህርቱም ቀረባት።

ሹፌሩ ሥራውን ትቶ ከአገሩ ጠፋ። የቀሩት ሹፌሮች ግን ቤቷ ደጃፍ ሲያልፉ ቀና ብለው ማየት አቃታቸው፤ እነሱም እየነዱ ስልክ ይነካኩ እንደነበር ያውቃሉና።

በመጨረሻ ተራ አስከባሪው አያ አበጋዝ ሰበሰቧቸው። «ከፋሲካ እስከ ዘመን መለወጫ እየነዳ ስልክ ያልነካ፣ ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያው ተራ የእሱ ነው። መስታወቱ ላይም አረንጓዴ ሻሽ ይታሰርለታል» አሉ። መናኸሪያው በደስታ ተንጫጫ። ሌሊት ተነስተው ወረፋ ሳይዙ መጫን ለሹፌር ትልቅ ነገር ነው።

ዘሀራ ይህን ሰምታ፣ «ሻሹን እኔ ልሰረው። ያሰርኩበት መኪና ላይ እወጣለሁ» አለች።

እንድሪስ የሚባለው ሹፌር መላ አመጣ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ስልኩን የሚጠብቅ፣ ከተነካም ለተራ አስከባሪው ቀይ ምልክት የሚልክ አፕ ነበር። ሹፌሮቹን አንድ በአንድ እየለመነ በየስልካቸው ጫነላቸው። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ የተገጨ ሰው የለም። እንድሪስ ግን ከወንበሩ ልብስ ስር ሌላ፣ አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ ነበረችው። ጠመዝማዛውን ሲያልፍ አውጥቶ መልእክት ይጽፍባት ነበር። ማንም አላየውም።

ጌታሰው የሚባለው ሹፌር አፑን ጭኖ ብዙ ጊዜ ታገሠ። ሚስቱ ምጥ በያዛት ቀን ግን ስልኩ ሲጮህ እጁ ቀደመው። «ወንድ ልጅ» የሚለውን አነበበ፤ መኪናዋም ወደ ገደሉ አፍ ዘንበል ብላ ተመለሰች። ወዲያው ዳር ይዞ አቆመ። «ሚስቴ ወለደች፤ ስልክ ነክቻለሁ። በሌላ መኪና ሂዱ» ብሎ የሁሉንም ሒሳብ መለሰ።

«እንኳን ማርያም ማረቻት! አሁን ንዳ፣ ምን ሆነሃል?» አሉት አንዲት እናት።

«እጄ አንዴ ከድቶኛል፣ እማማ። አላምነውም።»

ሙሄ የሚባለው ሹፌር ደግሞ ራሱንም አፑንም አላመነም። ስልኩን ቤት ትቶት ይወጣል። ጓደኞቹ፣ «ምነው ሙሄ፣ እንደ ሙሽራ ቤት አስቀመጥካት!» እያሉ ይስቁበታል። አንድ ቀን አብራው የምትኖረው እናቱ ደረቷን ይዛ ወደቀች። ደወለችለት። የልጇ ስልክ ከጎኗ ካለው ክፍል፣ ከትራስ ስር ጮኸ። ደግማ ደወለች፤ ደግሞ ጮኸ። ጎረቤት እስኪደርስ መሸ። ተረፈች፤ አንደበቷ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

በዘመን መለወጫ ዋዜማ ሁሉም መናኸሪያ ተሰበሰቡ። አያ አበጋዝ በስልካቸው የደረሳቸውን ምልክት አይተው፣ «ቀይ የሌለባቸው እንድሪስና ሙሄ ናቸው» አሉ።

«ጌታሰውስ!» ብለው ጮኹ ያን ቀን ያወረዳቸው ተሳፋሪዎች። «እኛ የምናምነው እሱን ነው!»

ጌታሰው አንገቱን ደፋ። «ልጄን ባየሁ ቁጥር ገደሉ ይታየኛል። እኔን ተዉኝ።»

ሰው ሁሉ ወደ እንድሪስ ዞሮ ያጨበጭብ ጀመር። እንድሪስ ግን ወደ መኪናው ሄደ፤ ያቺን አሮጌ ስልክ አምጥቶ አያ አበጋዝ እጅ ላይ አስቀመጠ። ፊቱ በርበሬ መስሏል። «በዚህች ስጽፍ ነው የከረምኩት» አለ።

«ሌባ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሌላው፣ «ዝም ብሎ ቢወስድ ማን ያውቅበት ነበር?» አለው።

«እንግዲያስ የሙሄ ነው» አሉ አያ አበጋዝ።

ሙሄ አልተንቀሳቀሰም። «እናቴ እቤት ቃል ሳይወጣት ተቀምጣ፣ ለእኔ እንዴት እልል ይባላል?» አለ።

ዘሀራ ሻሹን ይዛ በምርኩዟ ወደ መኪኖቹ ቀረበች። ሦስቱም መሬት መሬት ያያሉ።

«ትምህርት ሊጀመር ነው» አለች በቀስታ። «አንዳችሁ እንኳ ቀና በሉ እንጂ።»

ማንም ቀና አላለም።

እናንተ ይህን የሰማችሁ ፍረዱ፦ መንገዱን ሁሉ ከአደጋ ያዳነው፣ ግን ያታለለው፣ ማንም ሳያስገድደው እውነቱን የተናገረው እንድሪስ ነው? አንዴ ተሳስቶ እዚያው የቆመው ጌታሰው ነው? ወይስ አንዴም ያልነካው፣ ዋጋውን ግን እናቱ የከፈለችለት ሙሄ? ዘሀራ ትምህርት ሲጀመር የማን መኪና ላይ ትውጣ?