አልጨመቅ ያለው ዳማከሴ

የሚሰማኝ ጠጋ ይበል፤ የማይሰማኝ ይተኛ፤ ተረቴን ጀመርኩ።

አባ ገበየሁ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ የመንደሩ መራቂ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ምሳ በልተው እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ፀሐይ ላይ ወጡና ምች መታቸው። ከንፈራቸው ቆሰለ፤ ራሳቸውን ፈለጣቸው፤ ትኩሳቱም እየጠና ሄደ። ባለቤታቸው እማማ ዝማም እንዳይሞቱባቸው ፈሩ። የፈለጉት ነገር ትንሽ ነው፤ ከጓሯቸው ዳማከሴ ጥቂት ጭማቂ ብቻ።

ጓሮ ወረዱ። ዳማከሴው በበጋው ፀሐይ ጠውልጓል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እማማ ዝማምም ቅጠል ይለምኑ ጀመር። ዳማከሴው ግን ውሃ ሳልጠጣ ከየት አምጥቼ እጨመቃለሁ አላቸው።

ወደ እንስራው ሄዱ። ዳማከሴው አልጨመቅ አለ፤ ምች አልለቅ አለ፤ እባክህ አጠጣልኝ አሉት። እንስራው ባዶ ሆዱን አሳያቸውና ምንጩ ይሙላኝ አለ።

ወደ ምንጩ ወረዱ። እንስራው አላጠጣ አለ፤ ዳማከሴው አልጨመቅ አለ፤ ምች አልለቅ አለ፤ እባክህ ፍሰስልኝ አሉት። ምንጩም ድንጋይ ተንከባሎ አፌን ዘጋኝ፤ እሱን አስነሱልኝ አለ።

ድንጋዩን ለመኑት። ምንጩ አልፈስ አለ፤ እንስራው አላጠጣ አለ፤ ዳማከሴው አልጨመቅ አለ፤ ምች አልለቅ አለ። ድንጋዩ ኩሩ ነው። ደልቶኝ ከተቀመጥኩበት በእጅ አልገፋም፤ ድጅኖ ይምጣ አለ።

ድጅኖው ጎረቤታቸው አንለይ ደጃፍ ተጋድሟል። ድንጋዩ አልንከባለል አለ፤ ምንጩ አልፈስ አለ፤ እንስራው አላጠጣ አለ፤ ዳማከሴው አልጨመቅ አለ፤ ምች አልለቅ አለ አሉት። እሱም ያለ አንለይ ክንድ ምን አቅም አለኝ አለ።

ወደ አንለይ ገብተው ለመኑት፤ እሱ ግን አኩርፎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ምን ያደርጋል፣ ድጅኖው የራሱ ነው።

"እማማ፣ ምንጩ በደቦ ሲቆፈር ከጉድጓዱ ታች የነበርኩት እኔ ነኝ" አለ። "ከላይ የቆመው ሁሉ በየስሙ ተመረቀ። እኔ ጭቃ ውስጥ እያለሁ ምርቃቱ አለቀ። ድርሻዬን ሳላገኝ አልነሳም።"

እማማ ዝማም እያለቀሱ ተመለሱ። አንለይ ምርቃቴን አለ፤ ድጅኖው አልፈነቅል አለ፤ ድንጋዩ አልንከባለል አለ፤ ምንጩ አልፈስ አለ፤ እንስራው አላጠጣ አለ፤ ዳማከሴው አልጨመቅ አለ፤ የእርስዎ ምችም አልለቅ አለ ብለው በባላቸው ጆሮ ነገሩ።

አባ ገበየሁ ዓይናቸውን ገለጡ። ያኔ ምንጩ ዳር ሲመርቁ ሰው ሁሉ ፊታቸው የቆመ መስሏቸው ነበር። ሰውነታቸው እየተንቀጠቀጠ በሚስታቸው ትከሻ ተደግፈው አንለይ ደጃፍ ደረሱ።

"አንለይ ልጄ፣ የጠጣነው ውሃ ሁሉ ያንተ ላብ ነው። እግዜር ይስጥልን። ክንድህ አይዛል፤ ቤትህ አይጉደል፤ የቆፈርከው ሁሉ ውሃ ያፍልቅልህ" አሉት።

አንለይ ዞረ። "አሜን" አለ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

ከዚያማ አንለይ ድጅኖውን አነሳ፤ ድጅኖው ድንጋዩን ፈነቀለ፤ ድንጋዩ ተንከባለለ፤ ምንጩ ፈሰሰ፤ እንስራው ሞላ፤ ዳማከሴው ጠጥቶ ቀና አለ፤ ተጨመቀ፤ የአባ ገበየሁም ምች ለቀቀ። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ከአንለይ ጀምረው እስከ ዳማከሴው ድረስ ሁሉንም በየተራ አመሰገኑ፤ ያን ኩሩ ድንጋይ እንኳ አልዘለሉትም።

ከዚያ ወዲህ ደቦ ባለቀ ቁጥር አባ ገበየሁ አፋቸውን ለምርቃት ከመክፈታቸው በፊት ጎንበስ ይሉና "እታች የቀረ ሰው አለ?" ብለው ይጣራሉ።

ተረቴ አለቀ። የሰማችሁኝ ሁሉ ተመረቁ፤ እታች ያላችሁትም ጭምር።