ልጓሟ የወለቀላት ባዝራ

ፈረስ ከነፍሱ አስበልጦ የሚወድ አንድ ሰው ነበረ። አስናቁ ልጄ፣ ጥያቄሽን ረስቼ ተረት የጀመርኩ እንዳይመስልሽ። ልጅሽ አባቱ የመረጠለትን ትምህርት እምቢ ብሎ ቤታችሁ በጭቅጭቅ ታምሷል፤ «ማንን ልስማ?» ብለሽኛል። መልሱ እዚሁ ውስጥ ነው።

ሰውዬው የወላጆቹን እርሻ ሸጦ ለፈረሶቹ የሚሆን ሰፊ ቦታ ይፈልግ ጀመር። ይህ ካልሰመረለት የሚመለስበት ደጅ የለውም። ደላላ ሁለት ቦታ አሳየው። አንዱ ወንዝ ዳር ነው፤ ቤቱ አዲስ፣ ቆርቆሮው ዓይን የሚወጋ፣ ሣሩ ጉልበት ድረስ። ሌላው ኮረብታው ላይ ነው፤ የድሮ መኳንንት ያሠሩት የድንጋይ ቤት። ጣራው ጎብጧል፣ መሬቱ ጠጠር ነው፣ ሣሩም እንደ ተላጨ ራስ አጭር።

የሚስቱ ወንድም ሀብታም ነበረ፤ ሀብታም ደግሞ ሳይጠየቅ ይመክራል። «ምን ታስባለህ ጃል? ሣሩን አታይም? እዚያ ላይ ፈረስህ ድንጋይ ሊግጥ ነው?» አለው። ሰውዬውም እሺ አለ። ሽማግሌዎች ለውሉ እዚያው ወንዝ ዳር ተቀመጡ፤ ፈረሶቹም አጠገባቸው ታስረዋል። በዚያ አገር ሽማግሌ አንዴ ከመረቀ ውል አይፈርስም። ሊመርቁ እጃቸውን ሲዘረጉ ሚስትየዋ ብድግ አለች።

«አባቶቼ፣ ቆዩኝ። ባዝራዋን የጠየቃት አለ?»

የፈረሶቹን ሁሉ እናት፣ ዳማዋን ማለቷ ነው። ሳቁባት! «እንግዲያው ትምጣና ከሽማግሌ ጋር ትቀመጣ!» አለ ወንድሟ። እሷ ግን ሄዳ የባዝራዋን ልጓም አወለቀችላት።

ባዝራዋ ወደ ለምለሙ ሣር ገባች። አንድ ሁለቴ ነጨችና ራመድ ስትል እግሯ ሰመጠ። ለካ ሥሩ ማጥ ኖሯል! እግሯን መንጭቃ አወጣች፤ ፊቷን ወደ ኮረብታው አዙራ ሽቅብ ወጣች። ሰውዬውም ተከተላት። ከድንጋዩ ቤት አጠገብ ካለው አሮጌ ጋጣ ደጃፍ ስትደርስ ደረቁ አፈር ላይ ተንከባለለች፤ ተነሥታ ተራገፈችና አሽካካች። እሱ ዓይኑ ያረፈው የደጃፉ ድንጋይ ላይ ነው። ከፈረስ ኮቴ ብዛት የተነሣ እንደ አሮጌ ወፍጮ ጎድጉዷል። የስንት ዘመን ፈረስ በጤና ገብቶ ወጥቶበታል!

«እንግዲህ የቱን እንመርቅ?» አሉ ሽማግሌዎቹ ሲመለስ።

«የሷን» አለ።

የወንዙን ዳር ወንድምየው በእልህ ገዛው። ክረምት ገባ። የሱ ፈረሶች ማጥ ውስጥ ውለው እያደሩ ኮቴያቸው በሰበሰና አነከሱ። የኮረብታው ፈረሶች ግን ጠጠር እየረገጡ ኮቴያቸው ብረት ሆነ። ያቺ ባዝራ እዚያ የወለደችው ውርንጭላ አድጎ በታቦት ንግሥ ቀን ግልቢያ ገባ፤ የአገሩን ፈረስ ሁሉ አቧራ አልብሶት አለፈ! ተራራው እልልታውን አስተጋባው። ወንድምየው በእግሩ ነበር የመጣው።

«ወንድም ዓለሜ፣ ሣሩ ዛሬም ጉልበት ድረስ ነው?» አለችው እህቱ ከሰው መሀል።

እሱም ሳቀ፣ ምን ያድርግ! «ተይኝ እቴ፤ ይልቅ ከዚያች ባዝራ ዘር አንድ ስጪኝ» አላት።

አየሽ አስናቁ፣ ባዝራዋ ልጅሽ ነው። አባቱም፣ አጎቶቹም፣ እኔም ሳልቀር የሣሩን ርዝመት አይተን ነው የምንጮኸው። ዕድሜውን በዚያ መሬት ላይ የሚቆመው ግን እሱ ነው። ልጓሙን አውልቂለት። ብቻውን ግን አትስደጂው፤ ሰውዬው ተከትሏት ባይወጣ ኖሮ ያን ድንጋይ መች ያየው ነበር? በይ ተነሺ፣ ሂጂና ተከተይው።